ቴሌግራሙ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሰዓቱ ነው

«ጋሼ፣ እዚሁ አዳማ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ተማሪዎች ሥራቸውን በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ እኔም በኮምፒውተሬ ክሮም ላይ ከፍቼ አትምላቸዋለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ጠዋት ኮምፒውተሩን ሳበራ ጥቁር ገጽ መጥቶ ኤፍ 1 ተጫኚ ይለኛል። ስጫን ዊንዶውስ ይከፈታል፤ ዓመቱ ግን 2012 ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። 2018 ብዬ አስተካክላለሁ። ቴሌግራም ያኔም ቀይ ማስጠንቀቂያ እያሳየ አልከፍትም ይላል። በዚያው ዋይፋይ ስልኬ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። የሚገርመው፣ የእህቴ ልጅ መጥቶ ሲያስተካክለው ይከፍታል፤ እኔ ሳስተካክለው አይከፍትም። ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ አስጭኛለሁ። አሁን ደግሞ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏልና ሌላ ግዢ ተብያለሁ። ያወረድኋቸው ፋይሎችም ከፎልደሩ ይጠፉብኛል። ለመሆኑ ችግሩ እጄ ነው እንዴ? ሌላም ልጠይቅ፤ አንዳንድ ተማሪዎች የራሳቸውን ቴሌግራም በእኔ ኮምፒውተር ከፍተው ያትማሉ፤ ጉዳት አለው?»

እህቴ፣ እጅዎ ጤነኛ ነው። ማዘርቦርዱም (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) አልተቃጠለም። የተቃጠለ ማዘርቦርድ በየማለዳው ኤፍ 1 ተጫኚ እያለ አይለማመጥም፤ ጭራሹን ዝም ይላል። ያለቀው በሳጥኑ ውስጥ ያለች የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት። ሁለቱም የዊንዶውስ ጭነቶች አላስፈላጊ ነበሩ። ይህን ስል ሌላውን ባለሙያ ለመውቀስ አይደለም። እኔም ሥራውን በጀመርሁበት ሰሞን ለዚሁ ችግር የአንድ ደንበኛ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ጭኜ አስከፍያለሁ፤ ኮምፒውተሩ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሲመጣ ያፈርሁትን እስካሁን አልረሳውም።

ከደብዳቤዎ ሁሉ ትልቁ ፍንጭ የእህትዎ ልጅ ነው። እሱ የሚያደርገውና እርስዎ የማያደርጉት ነገር ምንድን ነው? ስልኩን አውጥቶ ቀኑን ከዚያ ይገለብጣል። ስልኩ ላይ ያለው የፈረንጅ ቀን ነው። እርስዎ ግን ኮምፒውተሩ 2012 ሲልዎት የእኛ 2012 መሰለዎት፤ «ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል» ብለው 2018 አደረጉት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ለእሱ 2018 ማለት ሰባት ዓመት ያህል ያለፈው ዘመን ነው። ስህተቱ የሚያሳፍር አይደለም። ቁጥሩ 1998 ወይም 2035 ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይነቁበት ነበር፤ 2012 ሲሆን ግን ለእኛ ሰው ፍጹም ተራ ዓመት ይመስላል።

አሁን ቴሌግራም ለምን እንደሚያኮርፍ ልንገርዎት። በክሮም ውስጥ አንድ ገጽ ሲከፍቱ፣ ገጹ በመጀመሪያ መታወቂያውን ያሳያል። ሰርተፍኬት ይባላል። እንደ ቀበሌ መታወቂያ ሁሉ የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ዕድሜው አጭር ነው፤ በ2020 (ከአሁን በኋላ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው) የድረ ገጽ ሰርተፍኬት ረጅሙ ዕድሜ 398 ቀን እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ይበልጥ እንዲያጥር ተወስኗል፤ ብዙዎቹም በ90 ቀን የሚታደሱ ናቸው። ክሮም መታወቂያውን ተቀብሎ ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ያስተያያል። የእርስዎ ኮምፒውተር ደግሞ 2018 ላይ ቆሟል። በር ላይ ያለ ዘበኛ ዛሬ ጠዋት የታደሰ መታወቂያ ይዞ የመጣን ሰው «ይህ እኮ የሚሰጠው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ሐሰተኛ ነህ» ብሎ ሲመልሰው ያስቡት። ክሮምም ያደረገው ይህንኑ ነው። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ገጽ ብዙውን ጊዜ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል የእንግሊዝኛ ርዕስ አለው። ምክንያቱን በግልጽ ጽፎልናል፤ እኛ ግን ቀዩን ምልክት ስናይ ማንበብ ትተን ዋይፋዩን ማጥፋትና ማብራት እንጀምራለን።

ስልክዎ በዚያው ዋይፋይ ያለ ችግር የሚሠራውም ሰዓቱን በራሱ ከኔትወርክ ስለሚወስድ ነው። ኢንተርኔቱ ጤነኛ መሆኑን በዚህ ያውቃሉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ያ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ «ይሁን ልለፍ» የሚለውን አማራጭ ፈልገው አይጫኑ። ዛሬ ጥፋቱ የሰዓቱ መሆኑን ስለምናውቅ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ጣትዎ ማለፍ ከለመደ፣ አንድ ቀን እውነተኛ አጭበርባሪ ገጽ ሲመጣም በዚያው ልማድ ያልፋሉ።

ወደ ባትሪዋ እንመለስ። ኮምፒውተር ሲጠፋ ሰዓቱን ማን ይቆጥርለታል? ማዘርቦርዱ ላይ ትንሽ ሰዓት አለች፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ክሪስታል ታንቀሳቅሳታለች። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ይህ አልነበረውም፤ ባበሩት ቁጥር ቀንና ሰዓት እንዲጽፉለት ይጠይቅ ነበር። ባትሪ ያላት ሰዓት ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣችው በ1984 በወጣው ኤቲ በተባለው ሞዴል ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር አሁን ወደ 1981 ተመልሷል ማለት ይቻላል። ባትሪዋ ስታልቅ ሰዓቷ ያለችበትን ትረሳለች፤ ሲበራ አምራቹ ወደጻፈላት መነሻ ቀን ትመለሳለች። በእርስዎ ኮምፒውተር ይህ ቀን 2012 ነው።

ገመዱ ከሶኬት ጋር እስከተያያዘና መብራት እስካለ ድረስ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓቷ ከመብራቱ ትመገባለች፤ ባትሪዋ የምትሠራው መብራት ሲቋረጥ ብቻ ነው። እርስዎ ማታ ሱቁን ሲዘጉ ማከፋፈያውን እንደሚያጠፉ እገምታለሁ። ባትሪዋ በየሌሊቱ ብቻዋን ስትሠራ ከርማለች። ታዲያ ማከፋፈያውን ማጥፋት ይተዉ? አይተዉ። መብራት ሌሊት ጠፍቶ ሲመለስ ከፍ ብሎ ቢመጣ የሚያቃጥለው ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያቀብለው ክፍል)፣ ከባትሪዋ ብዙ እጥፍ ዋጋ ያስወጣዎታል። ባትሪዋን በየጥቂት ዓመቱ መቀየር ይሻላል።

በእኔ ቃል ብቻ አይመኑ፤ ይፈትኑት። ቀኑን በትክክል ያስተካክሉና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ሳይነቅሉ ለአንድ ሰዓት ይተዉት። ሲያበሩት ቀኑ እንዳለ ይሆናል። ቀጥሎ አጥፍተው ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉና ደግሞ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። በሁለተኛው ብቻ ቀኑ ከጠፋ ጥፋተኛዋ ባትሪዋ ናት።

ባትሪ እስኪገዙ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃልና ዛሬ የሚያደርጉትን ልንገርዎት። ታች በቀኝ በኩል ያለውን ሰዓት በቀኙ የማውስ ቁልፍ ይጫኑና ቀንና ሰዓት ማስተካከያውን ይክፈቱ። መጀመሪያ የሚያዩት ሰዓቱን አይደለም፤ ታይም ዞን የሚለውን ነው። ዊንዶውስ ሲጭኑ ይህን ሳይነኩ የሚያልፉ ብዙዎች ናቸው፤ ያኔ ኮምፒውተሩ አዳማ ተቀምጦ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ይኖራል። ይህም እንደየወቅቱ ከእኛ 10 ወይም 11 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ዞኑ ሳይስተካከል ሰዓቱን ብቻ በእጅ ቢያርሙ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ በውስጥ የሚያሰላው የዓለም ሰዓት ግን የተሳሳተ ነው። በኋላም በራሱ ከኢንተርኔት ሲያስተካክል ቁጥሩ ይዛባና «ሰዓቱ ለምን ራሱን ያበላሻል?» ይላሉ። ከዝርዝሩ ዩቲሲ (የዓለም ሰዓት ማለት ነው) ሲደመር 3፣ ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ። አዲስ አበባን ቢፈልጉ አያገኟትም፤ ዊንዶውስ እኛን ከናይሮቢ ጋር ነው የሚያስቀምጠን።

ከዚያ ቀኑን ከስልክዎ ላይ አይተው በፈረንጅ ይጻፉ። ለምሳሌ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ለኮምፒውተሩ የሚሰጡት ኖቬምበር 21፣ 2025፣ 8፡30 ኤኤም ነው። ሰዓቱንም እንደ ዓመቱ በሐበሻ እንዳይጽፉት፤ 2፡30 ካሉት ኮምፒውተሩ ሌሊት ነው ብሎ ያምናል። ይህን ከጨረሱ በኋላ ሲንክ ናው የሚለውን ይጫኑ፤ ደቂቃውንና ሰከንዱን ከኢንተርኔት ወስዶ ያጠራዋል።

«በራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ለምን 2012ን አላስተካከለውም?» የሚል ጥያቄ ሳይነሳብዎ አይቀርም። እኔንም ለረጅም ጊዜ ግራ አጋብቶኛል። በመደበኛ አቀማመጡ፣ የዊንዶውስ ሰዓት አስተካካይ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ እጁን ያነሳል፤ «ይህን ያህል የተሳሳትሁ አይመስለኝም፣ ምናልባት የሚያሳስተኝ ያኛው ነው» እንደማለት ነው። ስለዚህ በራስ ማስተካከያው በርቶም ቢሆን 2012 ላይ ቁጭ ብለው ይቀራሉ። ቀኑን አንድ ጊዜ በእጅ ካቀረቡለት ግን ቀሪውን እሱ ይጨርሰዋል።

ባትሪዋን ሲገዙ ሲአር 2032 ይበሉ። 3 ቮልት ናት፤ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። አንዳንድ ሻጭ 2032 ሲያጣ 2025 ወይም 2016 አውጥቶ «ያው ናት» ይላል። ስፋታቸውና ቮልታቸው አንድ ስለሆነ ለዓይን ያሳስታሉ፤ ነገር ግን ቀጭኖች ስለሆኑ ማቀፊያው ውስጥ ላላ ብለው ይቀመጣሉ፤ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ሰዓቱ ሊጠፋ ይችላል። ከላይዋ ኤልአይአር የሚል የተጻፈባትንም አይውሰዱ፤ እሷ ቻርጅ የምትደረግ ናት፤ ቮልቷም ከፍ ያለ ነው። ከታሸገችበት ፕላስቲክ ውስጥ ያለችውን ይምረጡ። ቴስተር ያለው ሰው ካገኙ ያስለኩ። አዲስ ባትሪ 3 ቮልት ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ያሳያል፤ እኔ ከ2.8 በታች የወረደችውን አልመልሳትም።

ከመክፈትዎ በፊት አንድ ጥንቃቄ አለ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ባዮስ የሚባለው ሰማያዊ ወይም ግራጫ ገጽ ውስጥ ገብተው (ዴል ከሆነ በኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ በኤፍ 10 ነው) በተለይ የሃርድ ዲስኩን አሠራር የሚያሳየውን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ባትሪ ሲነሳ አንዳንድ ቦርዶች ይህን ምርጫ ይረሱና ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ አልነሳም ይላል። የእርስዎ ኮምፒውተር ባትሪው አልቆም ስለሚነሳ ይህ ይደርስብዎታል ብዬ አልሰጋም፤ ፎቶው ግን ወጪ የለውም።

ከዚያ ያጥፉትና ገመዱን ከጀርባው ይንቀሉ። ከነቀሉ በኋላ የማብሪያ ቁልፉን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ የተረፈው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ብዙዎቻችን በስህተት ሲፒዩ የምንለውን ሳጥን በጎኑ አጋድመው ክዳኑን ይክፈቱ። የአዳማ ነገር፣ መጀመሪያ የሚያገኙት ማዘርቦርዱን ሳይሆን አቧራውን ነው። ለስላሳ ደረቅ የቀለም ብሩሽ ይበቃል፤ በእርጥብ ጨርቅ እንዳይሞክሩት። የሳጥኑን ብረት በእጅዎ ይንኩና ባትሪዋን ይፈልጉ፤ ከቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም የምታብረቀርቀው እሷ ብቻ ናት። ከጎኗ ያለችውን ትንሽ የብረት ምላስ በጥፍር ወይም በቀጭን ካቻቪቴ ገፋ ሲያደርጉ ባትሪዋ ራሷ ብድግ ትላለች። በማንኪያ ከሥር መፈልቀቅ አያስፈልግም፤ ማቀፊያው ከተሰበረ ያን ጊዜ እውነተኛ የማዘርቦርድ ችግር ይኖርብዎታል። አዲሷን የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ ሆኖ ቀጭ እስክትል ይጫኗት።

አሮጌዋን ጠረጴዛ ላይ አይተዉ። ሱቅዎ እናቶች ልጅ ይዘው የሚገቡበት ነው። እንዲህ ያለች ባትሪ በሕፃን ጉሮሮ ከተሰነቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። በፕላስተር ጠቅልለው ልጅ የማይደርስበት ቦታ ያድርጓት። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

ክዳኑን ገጥመው ሲያበሩ ለመጨረሻ ጊዜ ኤፍ 1 ይጠይቅዎታል፤ ባዮስ ውስጥ ገብተው ቀኑን ያስተካክሉ፣ አስቀምጠው ይውጡ።

የሐበሻ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ካላየሁ ሥራ ይምታታብኛል የሚሉ ከሆነ ደግሞ የምወዳት አንድ ዘዴ አለች። ዊንዶውስ ከዋናው ሰዓት ሌላ ሁለት ተጨማሪ ሰዓቶች እንዲጨምሩ ይፈቅዳል። እዚያው ማስተካከያ ውስጥ ተጨማሪ ሰዓት የሚለውን ይክፈቱና ዞኑን ዩቲሲ ሲቀነስ 3፣ ቦነስ አይረስ ያድርጉት፤ ስሙን «የሐበሻ ሰዓት» ብለው ይጻፉ። የእኛ አገር ሰዓት ከዩቲሲ 3 ይቀድማል፤ በአፋችን የምንቆጥረው ደግሞ ከዚያ 6 ይቀንሳል፤ 3 ሲቀነስ 6 ከዜሮ በታች 3 ነው። አርጀንቲናም ሰዓቷ ይኸው ነው። እርስዎ አዳማ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲሉ ቦነስ አይረስ 2፡30 ነው። እኩለ ሌሊታቸውም እኛ ንጋት 12 ሰዓት የምንለው ላይ ስለሚውል ቀናቸው የሚቀየረው የእኛ ጎህ ሲቀድ ነው። ማውሱን ማዕዘኑ ላይ ያለው ሰዓት ላይ ሲያሳርፉ ሁለቱንም አንድ ላይ ያዩአቸዋል። ዋናው ሰዓት ሳይነካ ልብዎ ያርፋል።

የጠፉት ፋይሎች አልጠፉም። ዊንዶውስ ፋይል ሲያስቀምጥ የሚጽፍበት የራሱን ቀን ነው፤ ቀኑ 2012 ላይ ሳለ ከፍተው አስተካክለው ያስቀመጡት ፋይል የ2012 ፋይል ሆኖ ይመዘገባል። ፎልደሩ አዲሱን ከላይ አሮጌውን ከታች ሲደረድር፣ የትናንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሁሉም ሥር ይገባል። ዳውንሎድስ ፎልደሩን በቀን አስደርድረው እስከ መጨረሻው ይውረዱ፤ 2012 እና 2018 የሚሉት ሁሉ ያሉት እዚያ ነው። ያላገኙት ካለ ከቴሌግራሙ እንደገና ያውርዱት፤ ላኪው እስካልሰረዘው ድረስ በሰርቨሩ ላይ ተቀምጧል። ተማሪ «በሰዓቱ ልኬ ነበር» ብሎ ቢከራከርዎትም የኮምፒውተሩን ፋይል ትተው ስልክዎ ላይ ያለውን መልእክት ይዩ፤ የመልእክቱን ሰዓት የሚሰጠው የቴሌግራም ሰርቨር እንጂ የእርስዎ ማዘርቦርድ አይደለም።

የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ አጭር ነው። ጉዳት አለው፤ ጉዳቱም ለተማሪውም ለእርስዎም ነው። ከፍቶ ሳይወጣ የሄደ ልጅ የግል መልእክቱን ሁሉ ለቀጣዩ ደንበኛ ትቶ ሄዷል፤ አንድ ነገር ቢደርስም የሚጠየቀው ኮምፒውተሩ ያለበት ሱቅ ነው። ሁሉም ወደ ሱቅዎ ቴሌግራም እንዲልኩ ያድርጉ። ግድ ሆኖ የሚከፍት ካለ ክሮምን በኢንኮግኒቶ መስኮት ይክፈቱለት፤ የኢንኮግኒቶ መስኮቶች ሁሉ ሲዘጉ መግቢያው አብሮ ይጠፋል። ከዚህ በፊት ረስተው የሄዱትም ስልካቸው ላይ ቴሌግራም ውስጥ ማስተካከያ፣ ከዚያ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍተው የእርስዎን ኮምፒውተር ማስወጣት ይችላሉ። በሩ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈው ቢነግሯቸው ጥሩ ነው።

ባትሪዋን በቀየሩበት ማታ ማከፋፈያውን እንደ ልማድዎ ያጥፉ። ጠዋት ኤፍ 1 ሳይጠይቅ ከተነሳ ሥራው አልቋል። ከጠየቀዎት ግን ሌላ ሰው «ቦርዱ ነው» ከማለቱ በፊት ባትሪዋን አውጥተው ያስለኩ፤ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየች ባትሪ ሸጠውልዎት ይሆናል።